ወገብ ለሚያመው ሰው የሚስማማ ሞተር፦ አመራረጡ፣ ማስተካከያውና አነዳዱ

ወገቡን የሚያመው ሰው ሞተር ሊገዛ ሲሄድ መጀመሪያ መቀመጫውን በመዳፉ ጫን ጫን ያደርጋል። ከለሰለሰለት ደስ ይለዋል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለወገብ ከመቀመጫው ልስላሴ ይልቅ ወሳኙ መቀመጫው፣ የእግር ማሳረፊያውና መሪው እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ነው። እግር በዳሌ ስር ሲሆን ጉድጓድ ሲመጣ ብድግ ማለት ይቻላል፤ ምቱን ጉልበትና ጭን ይቀበሉታል። እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ ሲቀመጡ ግን ብድግ የሚሉበት አቅም የለም፤ ምቱ ከመቀመጫው ተነስቶ በቀጥታ ወደ አከርካሪ ይወጣል።

ሕመሙን መለየት

አንዳንድ ሕመም ከነጭራሹ ሞተር ላይ አያስወጣም። በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ እግር እየዛለ መምጣት ካለ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት አብሮት ያለ፣ ተኝተውም የማይለቅ የጀርባ ሕመምም የመቀመጫ ጉዳይ አይደለም። ቲቢ አከርካሪን ይይዛል፤ ሳል ሳይኖርም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራ፣ ሞተሩ ከዚያ በኋላ።

የተለመደውን የወገብ ሕመም ግን በሁለት ከፍለው ይዩት። ሲቀመጡና ሲያጎነብሱ የሚብስ፣ ተነስተው ሲራመዱ የሚቀልል ከሆነ ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት፣ መቀመጫው ከፍ ያለ ሞተር ይስማማዎታል። ሲቆሙና ሲራመዱ የሚብስ፣ ትንሽ ጎንበስ ሲሉ የሚቀልል ከሆነ (በዕድሜ ገፋ ባሉ ሰዎች ላይ ይበዛል) ወደ መሪው በመጠኑ ዘንበል የሚያደርግና ለመውጣት የማያስቸግር ዝቅ ያለ ሞተር ይሻላል። ሁለቱን ሳይለዩ ከጓደኛ ምክር ተቀብሎ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ለእሱ ወገብ የተስማማው የእርስዎን ሊያብስ ይችላል።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር። ትራማዶልና ጡንቻ የሚያፍታቱ መድኃኒቶች እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ወስደው አይንዱ። እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉት ደግሞ ሕመሙን ስለሚያደበዝዙት፣ እነሱን በወሰዱበት ቀን ሞተር ሞክረው «ተስማማኝ» ብለው አይወስኑ።

የትኛው ዓይነት?

ለአብዛኛው ወገብ የሚበጁት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያለው ተራ የከተማ ሞተር ነው፤ መሪው ከፍ ያለ፣ እግር ማሳረፊያው በዳሌ ስር ያለ፣ መቀመጫው ረጅምና ጠፍጣፋ። ሁለተኛው በየወረዳው የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ሲነዱት የምናየው የያማሃ ዲቲ ወይም ኤክስቲዜድ 125 ዓይነት ለኮረኮንች የተሠራ ሞተር ነው። የዚህኛው ጥቅም የአሞርዛተሩ (የመንገዱን ምት የሚያለዝበው ሞላ ያለው ክፍል) ጉዞ፣ ማለትም የሚወርድበት ርቀት ነው። የከተማው ሞተር ከኋላ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲወርድ፣ ይሄኛው 18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይወርዳል። ጉዳቱ ደግሞ ከፍታው፦ የኤክስቲዜድ 125 መቀመጫ ከመሬት 84 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁመቱ አጠር ያለ ሰው መብራት ላይ በቆመ ቁጥር በአንድ እግሩ ጣት እየተንጠለጠለ ወገቡን ያጣምማል፤ በቀን መቶ ጊዜ ሲሆን ከጉድጓዱ ይልቅ ይሄ ይጎዳዋል።

ስኩተር ብዙ ሰው ለወገብ ጥሩ ይመስለዋል፤ መውጣትና መውረዱ ቀላል ነዋ። መውጣቱስ ልክ ነው። ግን እግር ጠፍጣፋው ወለል ላይ ወደ ፊት ስለሚቀመጥ ብድግ ማለት ያስቸግራል፣ ጎማውም 10 ወይም 12 ኢንች ነው። 17 ኢንቹ ጎማ አፉን ነካ አድርጎ የሚያልፈው ጉድጓድ ውስጥ ትንሹ ጎማ ሙሉ በሙሉ ይገባል። ጥሩ አስፋልት ላይ ብቻ፣ አጭር መንገድ ለሚሄድ ሰው ይሁን፤ ኮብልስቶን ላለበት ሰፈር አይሆንም። አዳዲሶቹ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሞተሮችም ንዝረታቸው አነስተኛ ቢሆንም ብዙዎቹ የስኩተር ቅርጽ አላቸው፤ ሲመርጡ ኃይሉን ሳይሆን የጎማውን ትልቅነትና የእግሩን ቦታ ይዩ። መሪው ዝቅ ብሎ ሆድን ታንከር ላይ የሚያስተኛው የውድድር ቅርጽ ያለው ሞተርም፣ እግር ወደ ፊት አዘርግቶ ወደ ኋላ የሚያስደግፈውም ለሚያም ወገብ አይመከሩም።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና

ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው ያቁሙ፤ ከሌለው አንድ ሰው ከፊት ይያዝልዎ። ሁልጊዜ የሚነዱበትን ጫማና ጃኬት አድርገው ይሂዱ።

1. ይቀመጡና 15 ደቂቃ ይቆዩ። ሻጩ ይሰለቻል፤ ይሰልች። የአንድ ደቂቃ መቀመጥ ምንም አይናገርም።

2. ጉልበትዎን ይዩ። ከዳሌ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ጉልበት ከዳሌ በላይ ከሆነ ዳሌ ወደ ኋላ ይንከባለላል፣ የወገብ ሰርጓዳም ይጠፋል። ጣትዎን ከቀበቶዎ በላይ ጀርባዎ ላይ ያድርጉ፤ ያቺ ሰርጓዳ ጠፍታ አጥንት ወጥቶ ከዳሰሱ፣ ያ ሞተር ለእርስዎ ቁመት አጭር ነው።

3. ዓይንዎን ጨፍነው ትከሻዎን ይልቀቁና እጅዎን ያለ ጥረት ወደ ፊት ያንሱ። ዓይንዎን ሲገልጡ መሪው ከእጅዎ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከራቀ ሩቅ ነው። 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በማስተካከል ይመጣል።

4. መሪውን ሳይጎትቱ፣ በእግርዎ ብቻ ገፍተው ከመቀመጫው አራት ጣት ያህል ብድግ ይበሉ። ዋናው ፈተና ይሄ ነው። መሪውን ካልሳቡ መነሳት ካቃትዎ እግር ማሳረፊያው ወደ ፊት ርቋል።

5. ከማቆሚያው አውርደው እግርዎን መሬት ያስነኩ። የሁለቱም እግር ፊተኛ መዳፍ ወይም የአንዱ ሙሉ መዳፍ መሬት መያዝ አለበት።

6. በአዝራር የሚነሳ መሆኑን ያረጋግጡ። በእግር እየረገጡ ማስነሳት አንዱን ዳሌ አንስቶ በጉልበት መጠምዘዝ ነው፤ በጠዋት ብርድ ኢንጂኑ እምቢ ሲል አሥር ጊዜ የረገጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ያውቀዋል።

ያገለገለ ከሆነ የኋላውን መቀመጫ በኃይል ተጭነው ይልቀቁት። አንዴ ተነስቶ መርጋት አለበት፤ ሁለት ሦስቴ ከዘለለ የአሞርዛተሩ ዘይት አልቋል፣ ሞላው ብቻውን ነው የሚሠራው። የፊት ሹካው ቱቦ ላይ የዘይት ቀለበት ካዩ ጎሚኒው አርጅቷል። ሁለቱም ይጠገናሉ፤ ዋጋ ሲደራደሩ ግን አይርሷቸው።

ማስተካከያ፦ ከርካሹ ወደ ውዱ

የጎማ ንፋስ ምንም አያስወጣም፣ ለውጡ ግን ትልቅ ነው። ጎሚስታው ብዙ ጊዜ ጎማውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ደህና ነው» እስኪል ይሞላዋል፤ ሲለካ 40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይሆናል። እንዲህ የደረቀ ጎማ የኮብልስቶኑን እያንዳንዷን ድንጋይ ወደ ወገብ ያስተላልፋል። ለትናንሽ የከተማ ሞተሮች የተለመደው ከፊት 25፣ ከኋላ ብቻዎን ሲሆኑ 28፣ ሰው ሲጭኑ 32 ገደማ ነው፤ የሞተርዎ ትክክለኛ ቁጥር በመመሪያ ደብተሩ ላይ አለ። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ያስለኩ። ምቾት ፍለጋ ከዚያ በታች መውረድ ግን ቸርኬውን ያጣምማል፣ ኩርባ ላይም ሞተሩን ያዋልላል።

ካቴና። ጠብቆ የተወጠረ ካቴና የኋላውን አሞርዛተር እንዳይወርድ ይይዘዋል፤ አሞርዛተሩ ጤነኛ ሆኖ ሞተሩ ደረቅ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በታችኛው በኩል መሃሉን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅሱት በጠቅላላው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መጫወት አለበት። ለኮረኮንች የተሠሩት ከዚህ የላላ ይፈልጋሉ። ጎማውን እያዞሩ በጣም በጠበቀበት ቦታ ላይ ይለኩት።

ቀጥሎ የኋላው ሞላ። ሜትር፣ እርሳስና አንድ ረዳት ይበቃል። በመሃል ማቆሚያው ቆሞ የኋላ ጎማው አየር ላይ ሳለ፣ ከጎማው መሃል ቡሎን ቀጥታ ወደ ላይ መቀመጫው ስር ምልክት አድርገው ርቀቱን ይለኩ፤ 480 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ከዚያ ከማቆሚያው አውርደው፣ ሙሉ ልብስዎን ለብሰው ይቀመጡ፤ ሁለቱም እግሮችዎ ማሳረፊያው ላይ ይሁኑ፣ ረዳትዎ ወይም ግድግዳ ሚዛን ይጠብቅልዎ። እንደገና ሲለካ 450 ከሆነ 30 ሚሊ ሜትር ወርዷል ማለት ነው። የሚፈለገው ከጠቅላላው ጉዞ ሩብ እስከ ሲሶው ነው፦ 10 ሴንቲ ሜትር ለሚወርድ ሞተር ከ25 እስከ 33 ሚሊ ሜትር፣ 18 ለሚወርደው ከ45 እስከ 60።

በከተማው ሞተር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ከወረደ ሞላው ለእርስዎ ክብደት በጣም ተወጥሯል፤ 50 ከወረደ ደግሞ ጉድጓድ ላይ እስከ መጨረሻው ወርዶ ብረት ከብረት ይጋጫል፣ ያ ግጭት ነው የአከርካሪን ዲስክ (በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ትራስ) የሚያስጮኸው። ብዙ የከተማ ሞተሮች በአሞርዛተሩ ስር ደረጃ ደረጃ ያለው ቀለበት አላቸው። ከሞተሩ ጋር በሚመጣው መንጠቆ ቁልፍ ይዞራል፤ ሁለቱም ጎን እኩል ደረጃ ላይ ይሁኑ። ቀለበቱን ሲያዞሩ ሞላውን ያጠነከሩት ይመስላል፤ ቀለበቱ ግን የሚቀይረው ሞተሩ የሚቆምበትን ከፍታ እንጂ የሞላውን ጥንካሬ አይደለም። መጨረሻው ደረጃ ላይ አድርሰውም 50 የሚወርድ ከሆነ ሌላ ሞላ ያስፈልጋል። ከኋላ ሰው ሲጭኑ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ከፍ ያድርጉ፤ ሲያወርዱ መመለስን ነው ሰው ሁሉ የሚረሳው።

መሪውን ወደ ራስዎ ማምጣት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የያዙትን አራት ቡሎኖች ያላሉ እንጂ አያውጡ። መሪውን በትንሹ ወደ ኋላ ያዙሩት፤ ጫፉ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ሲቀርብ ትከሻ ይሰማዋል። ቡሎኖቹን በየተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ። የፍሪሲዮንና የፍሬን መያዣዎቹም አብረው ስለሚዞሩ፣ ጣትዎ ሲዘረጋ አንጓዎ ሳይታጠፍ እንዲደርስባቸው መልሰው ያስተካክሏቸው። ከዚያ የማይዘለል ነገር አለ፦ ኢንጂኑን አስነስተው መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩ። ድምፁ ከጨመረ የነዳጅ ሽቦው ተወጥሯል ማለት ነው፤ በኩርባ ላይ ሞተሩ በራሱ ይፈተለካል። ሽቦውን በሌላ መንገድ ሳያሳልፉ አይንዱት። መሪውን ከፍ የሚያደርጉ መደቦች ሲያስገቡም እንደዚሁ ነው፤ 2 ሴንቲ ሜትር ብዙ ጊዜ በነበሩት ሽቦዎች ይሄዳል፣ ከ3 በላይ ረጅም ሽቦ ይጠይቃል።

በመጨረሻ መቀመጫው። ያረጀ ስፖንጅ መሃሉ ላይ ይሰምጥና ወደ ታንከሩ የሚያንሸራትት ቁልቁለት ይሠራል። ሰውየው በተንሸራተተ ቁጥር ዳሌው ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ መሪውን ቢያቀርብም ባያቀርብም ወገቡ ያመዋል። የመኪና ወንበር የሚያለብሱ ባለሙያዎች ይሠሩታል፣ ግን የሚፈልጉትን ካልነገሯቸው የሶፋ ስፖንጅ ይጨምሩልዎታል። ለስላሳው በሳምንቱ ይተኛል። ጠንካራ ስፖንጅ ይጠይቁ፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ግማሹ ላይ እምቢ የሚል። ላዩ ላይ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ለስላሳ ይደረብበት። የመቀመጫው ፊት ከኋላው እኩል ወይም በ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይበል። ጨርቁን ከማስለበስዎ በፊት ጥሬውን ስፖንጅ ይቀመጡበት፤ የተሰፋ መቀመጫ ማንም መልሶ አይፈታልዎትም።

መንገድ ላይ

ጉብታ ሲመጣ አብዛኛው ሰው ፍሬን ይዞ ይወጣበታል። ፍሬን ሲያዝ የፊት ሹካው ይወርዳል፤ ጉብታውን ሲነካ የሚወርድበት ጉዞ አልቆበታል፣ ስለዚህ እንደ ድንጋይ ይመታል። የሚሻለው እንዲህ ነው፦ ከጉብታው አሥር ሜትር ያህል ቀደም ብለው ፍጥነቱን ይጨርሱ፣ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይግቡ፣ የፊት ጎማው ሊነካ ሲል ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፣ በዚያችው ቅጽበት ከመቀመጫው ሁለት ጣት ያህል ይነሱ። የኋላ ጎማው እስኪያልፍ አይቀመጡ። ወገብ የሚመታው ሁለተኛው ምት ነው፤ ሰው ግን የፊቱ ሲያልፍ ያበቃ መስሎት ዘፍ ይላል።

ኮብልስቶንና ረጅም ኮረኮንች ላይ ጨርሶ መቆም ይቻላል። የእግር ፊተኛ መዳፍ ማሳረፊያው ላይ፣ ጉልበት በትንሹ ታጥፎ ታንከሩን ያዝ ያደርጋል፣ መታጠፍ ከዳሌ እንጂ ከወገብ አይደለም፣ እጅ ላላ ይላል። ክርንዎ ከደረቀ በእግር የተከለከለው ምት በትከሻ ይገባል። ለመቆም የማይመች መንገድ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ ይታይ፤ በጣም ቀስ ማለትም ሞተሩን ቀስ ባለ ትልቅ መወዛወዝ ውስጥ ይከተዋል፣ ቁጭ ያለን ሰው አከርካሪ በጣም የሚያናውጠው እንዲህ ያለው በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ የሚመላለስ ንዝረት ነው።

ረጅም መንገድ ሲሆን ሕመሙ ሳይመጣ ይቁሙ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጤነኛ ሰው አንድ ጊዜ ሻይ ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ወገብ የሚያመው ግን ሰንዳፋ ላይ አንዴ፣ ሸኖ ላይ አንዴ ይውረድ፣ ማለትም በየ45 ደቂቃው ገደማ። ወርደው ሻይ ቤት ቁጭ ካሉ አልወረዱም። ሦስት ደቂቃ ይራመዱ፣ እጅዎን ወገብዎ ላይ ደግፈው ስምንት አሥር ጊዜ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ለጠጥ ይበሉ (ጎንበስ ማለት የሚያቀልልዎት ከሆነ ይህን ይተዉትና ጎንበስ ይበሉ)። የዚያ መንገድ ነፋስ ጡንቻ ያደርቃል፤ ጃኬቱ ሲቀመጡ ከፍ ብሎ ወገብን ያጋልጣል። ሹራብዎን ሱሪ ውስጥ ያስገቡ። ጋቢ ወገብ ላይ የሚጠመጥሙ አሉ፤ ይሞቃል፣ ጫፉ ግን ካቴና እንዳይገባ ከጃኬቱ ስር ይሁን። የወገብ ቀበቶ ለረጅሙ መንገድ ይጠቅማል፤ ቀኑን ሙሉ አድርገውት አይዋሉ።

ጭነት፣ መግፋት፣ ማንሳት

ዕቃ የሚያደርሱ ወጣቶች ሳጥን የሚመስለውን ቦርሳ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ሲነዱ ይታያሉ። ያ ቦርሳ 10 ኪሎ ከሆነ ጉብታ ላይ የሚጨምረው ጫና ከ10 ኪሎ ይበልጣል፤ ሁሉም በወገብ ያልፋል። የቦርሳው ቂጥ መቀመጫው ላይ እንዲያርፍ ማሰሪያውን ያርዝሙት፣ የተሻለው ግን መጫኛ ብረት አስበይዶ እዚያ ላይ ማሰር ነው። ከባዱ ዕቃ ከታችና ወደ እርስዎ ይቅረብ።

በመሃል ማቆሚያው ሲያቆሙ ሞተሩን በእጅ አያንሱት። ሁለቱም የማቆሚያው እግሮች መሬት መንካታቸውን በእግርዎ ይፈትሹ፣ ከዚያ ሙሉ ክብደትዎን መርገጫው ላይ ይጣሉ፤ እጅ አቅጣጫ ብቻ ይሰጣል።

የወደቀ ሞተር ከ110 ኪሎ በላይ ነው፤ ሰው ካለ ይጥሩ። ብቻዎን ከሆኑ ኢንጂኑን ያጥፉ፣ ማርሽ ያስገቡ፣ በቀኝ ከወደቀ የጎን ማቆሚያውን አስቀድመው ያውጡ። ጀርባዎን ለሞተሩ ሰጥተው ቁጢጥ ይበሉ፣ ዳሌዎን መቀመጫው ላይ ያስደግፉ፣ በአንድ እጅ መሪውን በሌላው የኋላውን ብረት ይያዙ፣ ጀርባዎን ሳያጥፉ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየገፉ ይነሱ። ፊት ለፊት ጎንበስ ብለው የሚያነሱት ከሆነ ይህ ሁሉ ማስተካከያ በአንድ ጊዜ ከንቱ ይሆናል።

ሁሉን አድርገውም የሚያምዎት ከሆነ ሕመሙ የት እንደሚነሳ ያስተውሉ። የጭራ አጥንት ከሆነ ስፖንጁ ተኝቷል። በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል ከሆነ መሪው ሩቅ ወይም ዝቅ ያለ ነው። አንገት ከሆነ ሄልሜቱ ከብዷል ወይም ላልቶ ነፋስ እየጎተተው ነው። ከወገብ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ጠፍጣፋ ግድግዳ ፊት ሞተሩን ቀጥ አድርገው አቁመው መሪው አለመጣመሙን ይዩ፤ ወድቆ የሚያውቅ ሞተር መሪው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። መሪው ደህና ከሆነ የኋላ ኪስዎን ይፈትሹ። ወፍራም ቦርሳ ላይ ሰዓታት የተቀመጠ ሰው አንዱ ዳሌው ከሌላው በ2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የዋለው።